ሰርዶው ከአጥሩ ሥር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዛሬም ገባ። ትናንት በነቀልኩበት፣ ከቀይዋ ጽጌረዳ ሥር፣ አዲስ ጫፍ አውጥቷል። የጎረቤቴ የአያ ደሴ ሰርዶ ነው። ለልጁ ሠርግ ፎቶ ብሎ በግቢው ሁሉ አስተከለው። ሙሽሮቹ ሄዱ፤ ሰርዶው በቆርቆሮው አጥር ሥር ወደ እኔ መጣ።

እሑድ የጽጌ ማኅበር ተራዬ ነው። በእመቤታችን ሥዕል ፊት የማኖረው አበባ ከዚህ መደብ ነው የሚቆረጠው። ከገበያ ገዝቼ አላውቅም።

ባለፈው ስነግረው፣ "ምነው ውቤ፣ ሣር ነው እንጂ ጅብ መሰለሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን አልረሳሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12
በዶማ ቆፈርኩ። ሞኝነት። ዶማ የቆረጠው ሁሉ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ከሰዓት በእጄ ጀመርኩ፤ አፈሩን እያላላሁ፣ ነጩን ሥር እስከ መጨረሻው እየተከተልኩ። ጣቴ ቆሰለ። የነቀልኩትን ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት። ሲጠወልግ ማየት ደስ ይላል።

ኀሙስ፣ ጥቅምት 13
የአረም መርዝ ገዛሁ። በአጥሩ ቀዳዳ ሣሩ ላይ ልረጭበት። ቢጫ ሆኖ ሲያገኘው ፊቱ የሚሆነውን እያሰብኩ ምሳዬን በደስታ በላሁ።

ከዚያ ግቢውን አየሁ። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። አንድ ዝናብ ቢጥል መርዙ የሚወርደው ወደ ጽጌረዳዬ ነው። ጠርሙሱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። አልጣልኩትም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
መደቡ ጠራ። ቀዩ ፈክቷል፤ ነጩ ለነገ ይደርሳል። አያ ደሴም ማኅበርተኛ ስለሆነ ይመጣል። ጠላውን ከአተላው በኩል እቀዳለታለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ጽዋው ከመነሳቱ በፊት ሰብሳቢያችን፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ እንደ ደንቡ ጠየቁ፤ "የተቀያየመ አለ?" ሳይታረቅ ጽዋ የሚቀምስ የለም። አበባዬን ማስተካከል ያዝኩ። ብናገር ማኅበሩ በገዛ ቤቴ ሊቆም ነው።

አያ ደሴ ብድግ አለ። "እኔና ውቤ። ሰላምታዬን ከተወች ሰነበተች።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አፈርኩ። ወዲያው ግን መንገዱ ታየኝ።

"ይቅር እላለሁ። ካሳዬ ግን ቦይ ነው። በአጥሩ ርዝመት፣ ክንድ ሙሉ ጠልቆ ይቆፈር። ሰርዶው እንዳይሻገር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቁምበት።"

"ነገውኑ ሠራተኛ እልካለሁ" አለ።

"አይሆንም። በራስህ እጅ።"

የማኅበሩ ቄስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሙሴው "ሸጋ ፈርዳለች!" አሉ። ተሳሳምን፤ ጽዋው ተነሳ። ጠላውን ግን ከአተላው ቀዳሁለት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18
ከትናንት ጀምሮ ይቆፍራል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ አያለሁ። ሲያቃስት ውሃ እሰጠዋለሁ። ሲያርፍ "ገና ነው፣ ሥሩ ከዚያም ይወርዳል" እለዋለሁ።

ከሰዓት አንድ ሥር ይስብ ጀመር። ሳበ፣ ሳበ፤ አላልቅ አለው። ቁጭ ብሎ አየው።

"ውቤ፣ ይሄስ ጅብ ነው" አለ።

አልሳቅሁበትም። ልስቅ ግን ምንም አልቀረኝ።

ሲሄድ ከቀይዋ ጽጌረዳ የሚተከል ቅርንጫፍ ለመነኝ፤ በአጥሩ ዳር ያለውን ሣር ነቅሎ ሊተክላት። እሾሃሙን መርጬ ሰጠሁት።

የመርዙ ጠርሙስ እንደተቆለፈበት ነው። ድንጋዩ መጀመሪያ አንድ ክረምት ሰርዶውን ይከልክል።