የካሳ ኮርቻ በጠፍር ታሰረ

ቡሬ፣ ጥር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ዛሬ ደስ ብሎኛል። ጎረቤቴ ካሳ ለጉግስ ያሠራኝን ኮርቻ በናይሎን ገመድ እንዳስርለት ለምኖኝ ነበር።

«አያ፣ ናይሎኑ ያብረቀርቃል እኮ! ጠፍር የድሮ ሰው ነገር ነው።»

እንቢ አልሁት። የበሬ ቆዳ ጠፍር ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ የኮርቻውን እንጨት በእርጥቡ ጠምጥሜ፣ ጥላ ሥር አደረቅሁት። ጠፍር ሲደርቅ ይጠብቃል። ቢሆንም ስፈራ ሰነበትሁ፤ በግልቢያ መሀል ቢላላ የሰው ነፍስ ነው። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር «አንተ ግትር» ትለኝ ነበር።

ዛሬ የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ፣ ሜዳው ላይ በጉግሱ መሀል የካሳ ፈረስ ደንብሮ በኋላ እግሩ ቆመ። ሰው ሁሉ ጮኸ። ኮርቻው ግን ንቅንቅ አላለም! ካሳ ወርዶ ጉልበቴን ሳመኝ።

«አያ፣ ፈረሱ ቢከዳኝም ኮርቻዎ አልከዳኝም!»

ቤቴ ገብቼ ሚካኤልን ሳመሰግን «እኔ ያሰርሁት፣ እኔ የመረጥሁት» የሚለው በዛብኝ። ኩራቴን ይቅር በለኝ አልሁና፣ ሳልጨርስ ሳቄ መጣ።