የላኩልን ተልባ ኦሎምፒያ ደረሰ

ይድረስ ለእትዬ ሀብትነሽ፣ ማይጨው።

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጾሙስ አልከበደዎትም? የጋሽ ብርሃነ ሳል ለቀቃቸው? እኛ የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ኡራኤል ጀርባ ተከራይተን አለን። ጤና ነን፤ ድካም ብቻ ነው የተረፈን።

የላኩልን ተልባ ደርሷል። ለጾም ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሰሃን እየታጠበበት ነው። አይቆጡ፣ ላስረዳ። ባለቤቴ ሰብሊ ሱቋ ከቤቱ ጋር ስለፈረሰ ላርጎ እየቀመመች መሸጥ ጀምራለች። ኦሎምፒያ ምግብ ቤት ያላቸው አቶ ዘአማኑኤል «ናሙና አምጪና ልየው» ብለዋት ነበር። ሌላ ደንበኛ የለንም፤ እሳቸው እምቢ ካሉ ሥራው እዚያው ላይ ያበቃል። ሰው ደግሞ ላርጎን የሚመዝነው በውፍረቱ ነው። ተልባውን ዘፍዝፋ ዝልግልጉን አጥልላ ጨመረችበት። ጀሪካኑን ዘንበል ሲያደርጉት እየተጎተተ ወረደ። «ይሄማ ማር ነው!» አሉ አሉ። የሚያጥበው ሳሙናው ነው፤ ተልባው ግርማ ሞገስ ብቻ ነው። በየቢሮውም እንዲህ ያሉ አይጠፉም።

«የዕቃ አጣቢዎቼ እጅ እየተሰነጠቀ ተቸገርኩ፤ የሚያለሰልስ ነገር ጨምሪበትና ሰኞ አምጪ» አሏት። የኬሚስትሪ መምህሩ እኔ እያለሁ ማን ይጠየቃል? የራሷን የጸጉር ኮንዲሽነር አፈሰስኩበት። ዓይናችን እያየ ረጋ። እትዬ፣ የታዘዝነው ላርጎ፣ የወጣልን አይብ፤ ያውም በሁዳዴ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ተልባውና ሳሙናው ሁለቱም ኔጋቲቭ ናቸው፤ አንድ ግቢ ተከራይተው ሳይነካኩ እንደሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ኮንዲሽነሩ ፖዘቲቭ ነው። የተልባው ዝልግልግ ረጅም ክር ነው፤ ተቃራኒውን ሲያገኝ ተጠመጠመበት፣ ተዘርግቶበት የነበረውን ውሃ ረሳ፣ ጓጉሎ ተለየ። «ተቃራኒ ይሳሳባል» እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ፤ ተሳስቦ የት እንደሚደርስ ግን የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

ሰብሊ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። ባልዲውን አየችውና «አንተ ሰውዬ፣ በቃ ለፋሲካ አቆየው» ብላ ሳቀች። ከቤታችን ከወጣን ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በቀረው ተልባ አዲስ ቀመመች፤ ለማለስለሻ ፖዘቲቭም ኔጋቲቭም ያልሆነ ግሊሰሪን ጠብ አድርጋ ሰኞ ወሰደች። አቶ ዘአማኑኤል ጀሪካኑን ዘንበል አድርገው እየተጎተተ ሲወርድ አዩት አሉ። ኋላ «በየሳምንቱ አምጪ» አሉ። እንግዲህ ተልባ ይላኩልን፤ ከእሱ ላይ ለመጠጥም ጥቂት ለማስቀረት እንሞክራለን።

ጋሽ ብርሃነን እግዜር ይማርዎ ይበሉልኝ። የእማማ አየለችን ጉልበት ይሳሙልኝ። ሰምሃልንም ይሳሙልኝ፤ ጸጉሯን ተልባ የምትቀባ ከሆነ ግን ኮንዲሽነሩን ለየብቻ ይበሏት። አጎትሽ አይቶታል ይበሏት።

ወንድምዎ ቀለመወርቅ
ኡራኤል፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.