የማንም ያልሆነው ካርቶን

የካቲት 24

ዛሬም ያው ነው። ሙቀቱ አርባ ነው ይላሉ፣ እኔ አርባ አንድ እላለሁ። ወንዳፍራሽ ገና ከመግባቱ ቬንትሌተሩን ወደ ራሱ አዞረው። አንድ ክፍል፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ቬንትሌተር። እኔ የመድኃኒት ቁጥጥር፣ እሱ የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር። ፊት ለፊት ተቀምጠን አራት ዓመታችን። እንደምን አደርክ ከተባባልን ግን… አምና ይሆን?

አምናን ምን ያስረሳኛል። መድኃኒት ተሞልቶ የመጣ ሲሪንጅ መርምሬ ስላሳለፍኩ፣ "በማያገባት ገባች፣ ሲሪንጅ የኔ ዴስክ ነው" ብሎ ከሰሰኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገባ። ዕድገቴም በዚያው ቀረ። ጾም ነው፣ ክፉ አልናገርም ብያለሁ። መጻፍ ግን መናገር አይደለም።

ከሰዓት ሁዘይፋ መጣ፣ መሃል ከተማ ፋርማሲ ያለው። ካርቶን ይዞ። ስልሳ የኢንሱሊን ፔን። መድኃኒቱ ውስጡ ተሞልቷል፣ መርፌው ጫፉ ላይ ይገጠማል፣ ኋላውን ሲያዞሩት ቀጭ ቀጭ እያለ ልኩን ይቆጥራል። እንዲህ ያለው ወደ ከተማችን ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፤ የኛን የመልቀቂያ ወረቀት ሳያገኝ መሸጥም ከዚህ ማውጣትም አይችልም። ሦስታችን ከፍተን አየነው። ውስጡ የተለጠፈችው የሙቀት ምልክት ነጭ ናት። ሙቀት ከመታው ትጠቁራለች። መልሰን አሸግነው።

"ካርቶኑ ውስጥ ያለው በረዶ ለሁለት ቀን ነው" አለ ሁዘይፋ ሲወጣ። ሁለታችንም ሰምተናል።

የካቲት 25

ጠብ።

"መድኃኒት ነው፣ ያንቺ ነው።"

"መርፌ አለው አቶ ወንዳፍራሽ። መርፌ የእርስዎ ነው ተብሎ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ላምጣልዎት?"

ካርቶኑ በሁለታችን ጠረጴዛ መካከል፣ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ፍሪጁ የኔ ነው፣ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። እኛ ቢሮ ግን ሕጉ ይታወቃል። የትም አልተጻፈም እንጂ ከተጻፈው የበለጠ ይከበራል። ዕቃውን ወደ ራሱ ቁምሳጥን ያስገባ ሰው ተረክቧል። አንዴ ካስገባሁት ነገ "ማን ፈቀደልሽ?" ይመጣል።

እሱ ምሳ ሲወጣ መመሪያውን አወጣሁ። መድኃኒትና መሣሪያ አንድ ላይ ሆነው ሲመጡ፣ ጥምር ምርት ይለዋል፣ ዋናውን ሥራ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ ይታይና ለዚያ ክፍል ይሰጥ ይላል። ስኳሩን የሚያወርደው ኢንሱሊኑ ነው። የኔ ነው ማለት ነው።

ገጹን ከደንኩት። አልነግረውም። ራሱ ያንብብ፣ ማንበብ ከቻለ።

የካቲት 26

ሁዘይፋ ተመልሶ መጣ። "እህቴ፣ በረዶው ቀልጧል። ወላሂ ውሃ ሆኗል። ፍሪጁ ይኸው እዚህ ነው…"

"አቶ ወንዳፍራሽን ጠይቅ።"

"እሷን ጠይቅ" አለ ያ ደግሞ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

መካከላችን ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል። አሳዘነኝ? ትንሽ። ወንዳፍራሽ ጥርሱን ሲፋቅ ሳየው ግን ሀዘኔ ጠፋ።

የካቲት 27

አርባ ሁለት። መብራት የለም። ካርቶኑ እዚያው ነው።

የካቲት 28

ከሥራ ስገባ ኛሩአች ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። እዚህ ኒውላንድ ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር ሦስት ዓመታችን ነው። የሂሳብ መምህርት ናት። ስኳር አለባት፣ ዓይኗም ደክሟል። የሲሪንጁን ቀጫጭን መስመር አታይም፤ ጠዋትና ማታ የምትቀዳላት አብራት የምታስተምረው ኮከብ ናት። ሁዘይፋን ፔኑን አስመጣልኝ ብላ የወተወተችውም እሷው ናት። ቀጭታውን እየሰማች ራሷ ልትቆጥር።

"ትርንጎ፣ ያ ፔን መጣ እንዴ? ሁዘይፋ ስልክ አያነሳም።"

"ገና ነው" አልኳት።

"መንገድ ላይ ነው?"

"መሰለኝ።"

ለምን ዋሸሁ? እግሬ ስር ነው ልበላት? ሰኞ አስተባባሪያችን ዘንድ ይፈታል። ሰኞ እሱ ይሸነፋል።

መጋቢት 1

የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። አስተባባሪያችን ጋትኬክ ሁለታችንን ጠራን። ወንዳፍራሽ መመሪያውን ገልጦ፣ መስመሩን በቀይ አስምሮ ይዞ ገባ። ለካ አንብቧል። መቼ ነው ያነበበው? ያን ሁሉ ቀን አውቆ ተቀምጦ ኖሯል?

"ጮክ ብለሽ አንብቢልን" አለኝ ወንዳፍራሽ።

አነበብኩ። "አምናም ገጹ ይኸው ነበር። አምና የከሰሱኝ በሐሰት ነው ማለት ነው" አልኩ።

"የአምናን ተዉ" አለ ጋትኬክ። "ካርቶን የት ነው?"

አምጥተን ከፈትነው። ምልክቷ ጠቁራለች። ስልሳውም ተበላሽቷል። ጋትኬክ ምን ሆኖ እንደተበላሸ በሁለታችሁ ፊርማ ጽፋችሁ አምጡ ብሎን ወጣ።

መጋቢት 2

ወንዳፍራሽ ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። "ትርንጎዬ" አለኝ። ትርንጎዬ! በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

"ሲመጣም እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው ብለን እንጻፍ። አንቺም ትድኛለሽ፣ እኔም።"

"ሁዘይፋስ?"

"ነጋዴ ነው። ነጋዴ ምን ይሆናል?"

እሱ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ። ሻይ አዘዘልኝ፣ ጠጣሁለት። ስለ ልጆቹ እያወራ አሳቀኝ ደግሞ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አውቄው ነው የሳቅኩት።

መጋቢት 4

የሁዘይፋ ፋርማሲ ታሸገ። ከቢሯችን በር ላይ ጠበቀኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

"እህቴ፣ አብረን አይደል ያየነው? ነጭ ነበረች።"

ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።

ወሬው ኒውላንድ ቀድሞኝ ደርሷል። ኛሩአች ተናዳለች። "የተበላሸ መድኃኒት ለኔ ያመጣል? ሰው አምኜ!" እኔስ ምን አልኩ? "ነጋዴ ምን ይታመናል" አልኩ። ከአፌ የወጣው የወንዳፍራሽ ቃል ነው።

መጋቢት 8

ኮከብ ለለቅሶ ወደ ጎሬ ሄዳለች። ኛሩአች ዛሬ ጠዋት ራሷ ቀዳች። አስራ ስምንት መሆን የነበረበትን ሠላሳ ስድስት። ክፍል ውስጥ እየጻፈች ወደቀች። ተማሪዎቿ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት።

እኔ ከጎኗ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቶን፣ ፋርማሲስት ሆኜ እየኖርኩ እኔን አላስቸገረችም። "ሥራ ይረፍድብሻል ብዬ ነው" አለችኝ፣ ስትነቃ። ግሉኮሱ በክንዷ እየገባ እጄን ይዛ "እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ሮጠሽ መጣሽ" ትላለች። እጄን ማስለቀቅ አቃተኝ። እንዲህ ራሴን ጠልቼው አላውቅም።

መጋቢት 9

ጻፍኩት። ሲመጣ ምልክቷ ነጭ እንደነበረች፣ ገጹን የካቲት 25 እንዳነበብኩት፣ ፍሪጁ ሁለት እርምጃ ላይ እንደነበር፣ ሁሉንም። ለጋትኬክ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። "ሁለታችሁም ጉዳይ እስኪታይ ቤት ቁጭ በሉ" አለ። የፋርማሲው እሽግ ከሰዓት ይነሳል ተባለ።

ወንዳፍራሽ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "አበድሽ? ገደል ስትገቢ እኔን ምን አስያዘሽ?"

"አብረን ነው የፈረምነው አቶ ወንዳፍራሽ።"

"ድሮም እባብ ነሽ" አለኝ። እሱ ይበል። ከሱ አፍ ሲወጣ አይቆረቁረኝም።

ኛሩአች ማምሻውን ከሆስፒታል ወጣች። ገብቼ ነገርኳት።

"ገና ነው ያልሽኝ ቀን… የት ነበር?"

"ቢሮ። እግሬ ስር።"

"ሁዘይፋን ስሰድብ አብረሽኝ ሰደብሽ።"

"አዎ።"

ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። ወጣሁ።

መጋቢት 12

ኮከብ ገና አልተመለሰችም። ሦስት ቀን ማን እንደቀዳላት አላውቅም፣ ለመጠየቅም አልደፈርኩም። ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ኛሩአች ናት። ሰላምታ የለም። ሲሪንጁንና ብልቃጡን ዘረጋችልኝ።

እጄን ታጠብኩ፣ ቀዳሁ፣ አየሩን አስወጣሁ። "አስራ ስምንት" አልኳት።

ተቀብላኝ ግቢውን አቋርጣ ሄደች፣ ጎረቤታችን ዳክ ባጃጁን ወደሚያጥብበት። ዳክ መርፌ ይፈራል፣ መቅዳት አይሞክርም። ቁጥር ግን ያነባል።

"ዳክ፣ ይሄ ስንት ይላል?"

እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ፀሐይ አነሳው። "አስራ ስምንት።"

"ደግመህ እይ።"

ደግሞ አየው። ለምን እንደሆነ አልገባውም፣ ወደ እኔ ዞር አለ። አንገቴን ደፋሁ። በአስራ አንድ ዓመት ሥራዬ የስንቱን ዕቃ አላምንም ብዬ ደግሜ አስከፍቻለሁ።

"አስራ ስምንት ነው መምህርት።"

እዚያው ቆማ ራሷን ወጋች።

ማታም መጣች። ማታም ለዳክ አሳየችው።