የታሸገው ዝርዝር

ማክሰኞ፣ የካቲት 19 ቀን

ለውድ ባለቤቴ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሳልህ እስካሁን እንዳልለቀቀህ በማንበቤ አዝኛለሁ፤ ችላ ሳትል ደረትህን ተመርመር። እኔ ደህና ነኝ። ላቦራቶሪው ያው ነው፤ መስኮቱ ዛሬም አይገጥምም፣ ማይክሮስኮፕህንም ማንም አልነካውም።

ወደ ጥያቄህ ልግባ። ከሁለት ዓመት በፊት የቆጠራ መዝገቤን ሻንጣህ ውስጥ ከተህ ስትሄድ ፖስታውን አላገኘኸውም። አሠራራችንን ታውቀዋለህ፦ ቆጣሪው በልቡ እንዳያደላ የቴክኒክ ሠራተኛችን የሴል ናሙና የተቀባባቸውን የመስታወት ስላይዶች መለያ በፕላስተር ሸፍኖ ቁጥር ብቻ ይጽፍባቸዋል። የትኛው ቁጥር የትኛውን የመድኃኒት መጠን እንዳገኘ የሚያሳየው ዝርዝር በፖስታ ታሽጎ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። «ዳኛው» ያልነውስ ለዚህ አይደል? መሄድህን የሰማ ዕለት፣ «አይዞሽ እትዬ፣ ሰውዬው በሩን ተሸክሞ ሲሮጥ ቁልፉን ረስቶታል» ብሎ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል አሳቀኝ።

አንተ ግን ያለ ዝርዝሩ ጻፍክ። የደም ካንሰር ሴሎችን በመርዝ ከመግደል ይልቅ እንዲበስሉና እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሴል ዕድሜያቸውን ጨርሰው እንዲያልፉ ማድረግ የሚለውን፣ ዐሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበትን ሥራ፣ በስምህ ብቻ አወጣኸው። የበሰሉ ሴሎች የታዩባቸውን ስላይዶች በሙሉ ከፍተኛውን መጠን ባገኙት ሥር መደብካቸው። ድሮም «ሲበዛ ይሻላል» ባይ ነበርክ።

ፖስታውን ከዳኛው ጋር ሆነን ከፈትን። ጽሑፍህ ላይ ካሰፈርካቸው የስላይድ ቁጥሮች ጋር ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። የበሰሉት ዝቅተኛውን መጠን ያገኙት ናቸው። ከፍተኛውን ያገኙት እንደ ነበሩ ጥሬ ናቸው፤ አብረዋቸው የነበሩት ጤነኛ ሴሎች ግን አልቀዋል።

ሆስፒታላችሁ ይህንኑ ከፍተኛ መጠን በሚቀጥለው ወር ለሕሙማን ሊሰጥ ነበር። «የግምገማ ኮሚቴው ዝርዝሩን ጠይቆኛል፤ ለእኔ ብቻ ላኪልኝ፣ አደራ» ብለሃል። ለኮሚቴው ልኬዋለሁ፣ ከነማብራሪያው። ሰብሳቢዋ መድረሱን ትናንት በስልክ አረጋግጠውልኛል፤ ሙከራው ታግዷል። አንድም ታማሚ አልወሰደውም።

ጽሑፍህን ያነበብኩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የዘገየሁት ለጥንቃቄ ነው ብዬ ለዳኛው ነግሬዋለሁ። ማመሳከሩ ግን የፈጀው አንድ ቀን ተኩል ነው። የቀረውን ጊዜ እስክትለምነኝ ጠበቅኩ። ሙከራው የሚጀመርበትን ቀን አስቀድሜ አጣርቼ ነው የጠበቅኩት፤ ባላጣራ ኖሮ ራሴን ይቅር አልልም ነበር። አንተን ማስለመኔ ግን አይቆጨኝም።

ሐሙስ ይጠሩሃል። መጀመሪያ «ስላይዶቹን የቆጠረው ማን ነው?» ይሉሃል። ይህን እንዲጠይቁህ ያሳሰብኩት እኔ ነኝ። ስሜን ከነአባቴ ስም አጥርተህ ጥራው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል።

ፈጣሪ አንደበትህን ያቃናልህ።

የላክህልኝን የፍቺ ወረቀት ከዚህ ጋር አላያያዝኩም። ገና እያነበብኩት ነው።

ባለቤትህ