ፈተናውን ያለፈች፣ መታጠፊያው ግን ያቃታት መኪና

ለክቡር አቶ ዘአማኑኤል
የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ ደህና፣ ሥራዎ የተቃና፣ የሚነዱትም መኪና በረገጡት ጊዜ የሚነሣ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ምኞት ከዚህ በፊት ለማንም ተመኝቼ አላውቅም፤ ምን ያህል እንደምታስፈልግ የተረዳሁት ጣቢያዎን ከጎበኘሁ በኋላ ነው።

አምኃ ፀሃዬ እባላለሁ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ የቂርቆስ ነዋሪ ነኝ። ባለቤቴ ወይዘሮ አስቻለች ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ለኩላሊት እጥበት ካዛንቺስ ማዶ ወዳለ ሆስፒታል ትሄዳለች። የማደርሳትና የምመልሳት እኔ ነኝ፤ መኪናችንም ከእኛ በፊት ሦስት ባለቤት የቀያየረች አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። አስቻለች ከእጥበቱ ስትወጣ የታክሲ ሰልፍ መቆም አትችልም። ስለዚህ ቅሬታዬ የምቾት ቅሬታ አለመሆኑን ልብ እንዲሉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩. ኅዳር 3 ቀን መኪናዬ ለቦሎ ስትመረመር በጭስ ምክንያት ወደቀች። በዚህ አልተከፋሁም፤ በእርግጥም ታጨስ ነበር። ባለሙያዎ በታላቅ ርኅራኄ ከአጥሩ ውጭ የሚሠራውን መካኒክ፣ አቶ መድሃኔን፣ በጣቱ ጠቆመኝ። እሱም ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ብሎን አጠበቀና መልሶ ዘጋው። ወዲያው ተመልሼ ስገባ አለፈች። ሠላሳ ዓመት ያገለገለን ሞተር በአንዲት ብሎን ለሚያድሰው ጣቢያዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዋ ነዳጅ ስረግጥ ፈጥና አትነሣም። የማስተማር ልማድ አይለቅምና ደብተር ከፈትኩ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት ለካሁ፤ ድሮ በአሥራ ሁለት ሰከንድ የምትደርስበት ፍጥነት ሠላሳ አንድ ሰከንድ ፈጀባት። የናፍጣውን ፊልትሮ አስቀየርኩ፤ ሠላሳ አንድ። የአየሩን አስቀየርኩ፤ ሠላሳ አንድ። ፍሬኑ ጎማውን ይዞት እንደሆነ ብዬ በክሪክ አንሥቼ በእጄ አዞርኩት፤ እንደ ልብ ይዞራል። ፍሪሲዮኑንም ዳገት ላይ ፈተንኩት፤ ጤነኛ ነው። ጣቢያዎ ላላየው ነገር ይህን ሁሉ የቤት ሥራ ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ፤ ጡረተኛ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም።

፫. ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን በአዲሱ ሰፊ መንገድ ላይ ወደ ግራ ልታጠፍ ስል አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና ከፊት ለፊት ሲመጣ አየሁ። ርቀቱን አስልቼ ነበር፤ ለድሮዋ መኪናዬ ይበቃ ነበር። ፔዳሉን ወለሉ እስኪነካ ረገጥኩት። ሞተሩ አቃሰተ እንጂ መኪናዋ አልሄደችም። ገልባጩ ጥሩምባውን እየነፋ አስቻለች በተቀመጠችበት በር በኩል መጣ። እሷ «ቂርቆስ፣ አደራህን!» ብላ ታቦቱን ጠራች። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከኋላችን አለፈ፤ አሸዋው ጣሪያችንን እንደ በረዶ ደበደበው። ከዚያ ወዲህ መታጠፊያው ጋ ስንደርስ አስቻለች ዓይኗን ትጨፍናለች። ለእኔ መጨፈን ስለማይፈቀድልኝ በሁለት ዓይኔ እፈራለሁ።

፬. ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ሰርዤ ስጨርስ የቀረችኝ ያቺ ብሎን ብቻ ነበረች። አቶ መድሃኔ ዘንድ ብሄድ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በስመአብ! ጋሼ፣ እስካሁን እንደጠበቀች ነው የሚነዷት? ሰው ሁሉ እኮ ቦሎውን እንደለጠፈ በዚያው እኔ ጋ ተመልሶ ያስፈታታል!» አለኝ። ለካ ብሎኗ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ናፍጣ ትቀንሳለች፤ ናፍጣው ሲያንስ ጭሱ ያንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ያንሳል። ይህን አለመገመቴ ለፊዚክስ መምህር ውርደት ነው። ምናልባት በከተማው ውስጥ መኪናውን በተመረመረበት ሁኔታ ሰባት ሳምንት የነዳ ብቸኛው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሕግ ማክበሬም ሚስቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ጥፋቴን በገዛ እጄ ልጽፍልዎ ነው። ብሎኗን አስፈትቻታለሁ። አሥራ ሁለት ሰከንድ። መኪናዋ አሁን ትነሣለች፤ ታጨሳለችም። የናፍጣውን ፓምፕ በደንብ ለማሠራት ወረፋ ይዣለሁ፤ ተራዬ እስኪደርስ ግን ማክሰኞም ሐሙስም አይጠብቁኝም። ገልባጩን መፍራት ትቼ አሁን ትራፊክ ፖሊስ እፈራለሁ። በጭስ ጥፋት ሊያስይዙኝ ቢወስኑ አልከራከርም፤ ደብተሬንም ለማስረጃ አቀርባለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ የሚያስቆሙኝ ከመታጠፊያው በፊት ሳይሆን አስቻለችን ካደረስኩ በኋላ ይሁን።

የእሳት ማጥፊያውን፣ የሦስት ማዕዘን ምልክቱንና የጭሱን ነገር በጥንቃቄ ጠይቆ መኪናዋ ከአደጋ ፊት ፈቀቅ ማለት ትችል እንደሆነ ላልጠየቀው ቅጽዎ ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ፈተና አውጥቼ አርሜ የኖርኩ፣ እንዲህ ያለ ፈተና ግን አይቼ የማላውቅ ታዛዥዎ፣

አምኃ ፀሃዬ
ቂርቆስ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የጻፍኩትን ለማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ለአንድ ጠዋት ብሎኗን መልሼ አስጠብቄ በዚያው መታጠፊያ ላሻግርዎ ዝግጁ ነኝ። በገልባጩ በኩል ያለው ወንበር ለእርስዎ ነው። ባለቤቴ ግን ያን ቀን ከእኛ ጋር አትሄድም።