ላስቲኩ ያልወለቀ ፍራሽ

ሰኞ
መጣ! ካርቶኑን በር ላይ ጥለውት ሄዱ። ከልጄ ከሶልያና ጋር እየጎተትን አስገባነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ ኩዊን ሳይዝ ፍራሽ ተጠቅልሎ፣ ተጨምቆ ነው የሚመጣው። ሜሞሪ ፎም፣ የሰውነትን ቅርጽ ይዞ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ዓይነት።

እኔ ሆቴል ቀኑን ሙሉ የሰው አልጋ ሳነጥፍ እውላለሁ፤ የራሴ አልጋ ግን ሦስት ወር ሙሉ ግማሹ ባዶ ነው። ባሌ ግርማ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ወገቡን ካመመው ወዲህ ምንጣፍ ላይ ነው የሚተኛው። አሮጌው ፍራሽ መሀሉ ጎድጉዷል፣ እውነቱን ነው። ግን ናፈቀኝ። ይኸው ጻፍኩት። እዚሁ ቤት እያለ ናፈቀኝ።

"እስከ ዓርብ እሞክረዋለሁ፣ ካልሆነ ወደ ምንጣፌ ነኝ፤ እንዳትጨቀጭቂኝ" ብሏል። ኦኬ።

የላስቲኩን ጫፍ ብቻ በመቀስ ቀደድኩ። አየር ሲገባ እያየነው አበጠ። ከዛ ቀዳዳውን በፕላስተር መልሼ አሸግኩት። የአዲስ ፍራሽ ላስቲክ ይወልቃል እንዴ? እናቴ ቤት በራሱ ጊዜ ተቀዳዶ እስኪያልቅ ማንም አይነካውም ነበር። አንሶላ አለበስኩት፣ አለቀ።

ማክሰኞ
አልሆነም። ግርማ ሳይነጋ ወደ ምንጣፉ ተመልሷል። "ላብ በላብ ሆንኩ፣ ዞር ባልኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ደሞ ቀለም ቀለም ይሸታል። ይሄ ነገር ለጤና ጥሩ ነው?" አለኝ። ምን አውቄ። ሥራ ቦታ የአንሶላ ክፍል ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ረቡዕ
ብሬክ ላይ በስልኬ ሳነብ ዋልኩ።
- ሽታው ከተሠራበት ኬሚካል ነው፤ ክፍሉ አየር ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀን ይጠፋል።
- ሙቀት ይይዛል።
- ለሕፃን አይሆንም፣ ሊያፍነው ይችላል። (ሕፃን የለንም። ባሌ መሬት እየተኛ ከየት ይመጣል።)
- መጀመሪያ የታሰበው ለበረራ ወንበር ነው፤ የጠፈር ሰዎች ናቸው ያስጀመሩት።

የጠፈሩን ለግርማ ኮል አድርጌ ነገርኩት። "እኔ ሻንጣ ነው የምጭነው፣ ጨረቃ አልወጣሁ" አለ። ግን ሳቀ። ደስ አለኝ።

ማታ ሶልያና ከካርቶኑ ውስጥ የመመሪያውን ወረቀት አገኘችና አንሶላውን ገለጥ አደረገች። "ማሚ፣ ዋይ ኢዝ ዘ ፕላስቲክ ስቲል ኦን?" ላስቲኩ ያልወለቀው እንዳይቆሽሽ ነው አልኳት። ወረቀቱን አፍንጫዬ ስር አስጠጋችው። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁ ይላል፣ በትልልቁ። ሽታውንም ሙቀቱንም አፍኜ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ለካ!

ሐሙስ
ኦፍ ነኝ፣ ሥራ አልገባሁም። እየሳሳሁለት ላስቲኩን አወለቅኩት። ፍራሹን ግድግዳ አስደግፌ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። ውጭ ዝናብ ነው፤ ካፖርት ለብሼ ዋልኩ። ግርማ ሲመጣ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ስል "እኔም ብሆን አላወልቀውም ነበር" አለኝ። የቲቪውን ሪሞት በላስቲክ የጠቀለለው እሱ አይደል።

ዓርብ
ሽታው ቀንሷል። ሶልያናን ሦስቴ አስሸተትኳት፣ በቃሽ አለችኝ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ፈርቻለሁ። ግርማ ከእራት በኋላ ሊሞክረው ጋደም አለ። "ቀስ እያለ ዋጠኝ" አለ። አልጨቀጭቅም ብያለሁ፣ ስለዚህ ሳሎን ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን አልወጣም።

ቅዳሜ
ሆቴል ሆኜ ነው የምጽፈው። ጠዋት ስነቃ የግርማ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። ከባድ፣ ሙቅ። እሱ ጭልጥ ብሎ ተኝቷል። ብንቀሳቀስ ይነቃል ብዬ ፈራሁና ሰዓቴ እያለፈ ዝም ብዬ ተኛሁ።

ወገቡ ይሻለው አይሻለው አላውቅም። አንድ ቀን ነው። ሲነሳ አሁንም ግድግዳውን ይዞ ነው የተነሳው።

ሱፐርቫይዘሬ ለምን አረፈድሽ ስትለኝ "ትራፊክ" አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ትራፊክ የለም፣ እሷም ታውቃለች። ፊቴን አየችና የማጸዳቸውን ክፍሎች ዝርዝር ሰጥታኝ ሄደች።