ለአንድ ፓስወርድ አራት ባለቤት

ለክቡር አቶ ኦፒው
የክልሉ ሥልጠናና ምደባ ቢሮ ኃላፊ
ጋምቤላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባሮ ቀጥኖ ድንጋዩ በወጣበት በዚህ ሙቀት እርስዎን ከጣሪያ ማራገቢያው ሥር በሰላም አስቀምጦ ክልላችንን እንዲያገለግሉ የፈቀደ አምላክ የተመሰገነ ይሁን። እኔ ፍቅርተ ወልደሰንበት እባላለሁ፤ ከደጋ በምደባ መጥቼ በከተማችን ባዮሎጂ የማስተምር፣ ሙቀቱን የለመድኩ፣ የቢሮዎን ወረፋ ግን ገና መልመድ ያቃተኝ መምህርት ነኝ። ከዚህ በፊት በግል ጽፌልዎ ነበር። ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በሰላም ማረፉን ስለሰማሁ፣ ለዚህኛው እንኳ ዕድሜ ቢሰጠው ብዬ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ልለጥፈው ወስኛለሁ።

ጉዳዬ አጭር ነው። አኬሎ የምትባል ተማሪዬ ለጤና ረዳትነት ሥልጠና ተፈትና ማለፏ በስብሰባ ላይ ስሟ ተጠርቶ፣ ተጨብጭቦላት ተነግሯታል። ሠልጣኞቹን ወደ ጅማ የሚወስደው መኪና ሰኞ ጠዋት ይነሳል። ማኅተም ያረፈበት የውጤት ወረቀት ያልያዘ ሰው አይሳፈርም፤ ቦታውም ለተጠባባቂ ይሰጣል። የሌሎቹ ወረቀት ቀደም ብሎ ታትሟል፤ የአኬሎ ግን በስም ስህተት ለእርማት ተመልሶ፣ እርማቱ በቢሮዎ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ እዚያው ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ለዚህ ስላበቁን ምስጋናዬን ተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ወደ ሥልጣኔ ስላሸጋገሩን አመሰግናለሁ። ክልላችን ክልል ከተባለ ወዲህ ካየናቸው በጎ ነገሮች አንዱ አንድ የእርዳታ ድርጅት የለገሰልን ሦስት ኮምፒውተሮች ናቸው። ማሽኖቹ ከካርቶናቸው በወጡ ማግስት የወረቀት ፋይል ኋላ ቀር ነው ተብሎ የፈተናው ሰነድ በሙሉ ወደ ግምጃ ቤት ተወረወረ፤ እዚያም የአገራችን ምስጥ ሥራዋን ሠራች። ምስጧ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ዶሴ ከፍታ መግባቷን ሳስብ፣ በመላው ቢሮ እንደ እሷ ያለ ቀልጣፋ ባለሙያ አለመኖሩ ያሳዝነኛል። አሁን የአኬሎ ውጤት ያለው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው።

2ኛ. ሚስጥር አጠባበቅን ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ ሦስቱ ማሽኖች የየራሳቸው ፓስወርድ ነበራቸው፤ ሠራተኛው የአንዱን ለሌላው እየሰጠ ተቸገረ። እርስዎም ለአሠራር ይመች ዘንድ ለሦስቱም አንድ ቃል እንዲሆን አዘዙ። እስከዚህ ድረስ የሰው ልጅ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ስለሆነ አልፈርድም። ነገር ግን አዲሱን ፓስወርድ በደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ በፊርማና በክብ ማኅተም አስደግፈው፣ ለሁሉም መምሪያዎች በግልባጭ ልከው፣ አንዱንም ቅጂ ከቢሮው በር ላይ ማስለጠፍዎ በሌላ አገር ይደረግ ይሆን ብዬ ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ቃሉም የበኩር ልጅዎ ስም ነበር፤ በበር ላይ ባይለጠፍ እንኳ ክርስትናው ላይ የበላን ሁሉ የምናውቀው። በዚያ ሰሞን በመንግሥት ወረቀትና ቀለም ስንት የሠርግ ጥሪ፣ ስንት የኳስ ቡድን አሰላለፍ እንደታተመ ከተማው ያውቃል። እኔም የተጠራሁበት ሠርግ ስለነበረ በዚህ ብዙ ባልናገር ይሻለኛል።

3ኛ. ይህ ስህተት እንዳይደገም ስላቋቋሙት የፓስወርድ ኮሚቴ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። በዘመናችን ማንም ወገን ከምንም ነገር እንዳይገለል መደረጉ የሚያኮራ ነው፤ ያለ ኮሚቴ የተሠራ ነገር ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ሆኖም አንድን ፓስወርድ ለአራት ቆርሶ፣ አንዱን ቁራሽ ለእርስዎ፣ ሌላውን ለአቶ ኮንግ፣ ሦስተኛውን ለአቶ ዘገየ፣ የመጨረሻውን ለወይዘሮ ፈሪዳ ማደል የቅርጫ ሥጋ እንጂ የኮምፒውተር አሠራር አይመስለኝም ነበር። አላዋቂነቴን ይቅር ይበሉኝ። በመስኮት ሆኜ በዓይኔ እንዳየሁት፣ አንዱ አባል የድርሻውን ሲጽፍ የቀሩት ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቆማሉ፤ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። አራቱም ከጨረሱ በኋላ ማሽኑ ስህተት ነው አለ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የሚታየው የኮከብ ምልክት ብቻ ስለሆነ የተሳሳተው የማን ቁራሽ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ አልተገኘም። እያንዳንዱ የራሱ ትክክል መሆኑን በፈጣሪው ስም ማለ። አቶ ዘገየ ለምን ወደ እኔ ታያላችሁ ብለው ስብሰባ ረግጠው ወጡ፤ የቀሩትም ስለ መተማመን ረጅም ውይይት አድርገው፣ ሂስና ግለሂስ ተቀባብለው፣ ሻይ ጠጥተው ተለያዩ።

4ኛ. ስለ ንብረት አያያዝዎ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። አቶ ዘገየ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ቢሮ ሲዛወሩ ወንበራቸውን፣ ጠረጴዛቸውንና የወረቀት መብሻቸውን በሥርዓት አስረክበዋል። የፓስወርድ ቁራሻቸውን ግን ንብረት ክፍሉ በመዝገብ የሌለ ዕቃ አልረከብም ስላላቸው ይዘውት ሄደዋል። ሄጄ ብለምናቸው፣ ያለ ርክክብ ለግለሰብ አልሰጥም፣ ነገ ተጠያቂ እሆናለሁ አሉኝ፤ ሰውዬው ሕግ አክባሪ ስለሆኑ ተናድጄባቸው እንኳ ደስ አላለኝም። አቶ ኮንግን ስፈልግ ለለቅሶ ኢታንግ ወርደዋል ተባልኩ፤ ነፍስ ይማር። ወይዘሮ ፈሪዳ ብቻ ሁልጊዜ አሉ፤ እኔ በበኩሌ የድርሻዬን ለማስገባት ዝግጁ ነኝ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አንድ ቀን እንደ ተአምር አራቱም ሲገናኙ ደግሞ ጀነሬተሩ ናፍጣ ጨረሰ። ይህንን በእርስዎ ላይ አልቆጥርም፤ ጀነሬተሩ ገና የኮሚቴው አባል አይደለምና።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በቀልድ ጻፍኩ፤ ቀልዱ ግን የሚያስቅ ያልሆነላት አንዲት ልጅ አለች። አኬሎ እናቷን ያጣችው በወሊድ ነው። በሰፈሩ ጤና ኬላ ቢኖርም የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውነት ክፍል ሳስተምር ከፊት ተቀምጣ፣ ደም እንዴት ነው የሚቆመው እያለች ትጠይቀኛለች። አማርኛውን የተማረችው ከትምህርት ቤት ነው፤ ፈተናው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበር፤ የእናቷ ባልሆኑ ሁለት ቋንቋዎች ተምራ አለፈች። በቀደም ከቢሮዎ ደጅ ስትመለስ ቤቴ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ፈተና የወደቀ እኔ ነኝ ወይስ ኮምፒውተር ነው?» አለችኝ። እሷን ከሸኘሁ በኋላ አለቀስኩ፤ ካለቀስኩም በኋላ ተናደድኩ፤ ይህንን ደብዳቤ የጻፈው ንዴቴ ነው።

ለወደፊቱ ይጠቅም እንደሆነ፣ ያልተጠየቅሁትን ምክር ልስጥ። ለሦስቱ ማሽኖች ሦስት የተለያየ ቃል ይሁን፤ የልጅ ስም፣ የሰፈር ስም አይሁን። ሦስቱንም አንድ የሚታመን ሰው ይያዝ፤ እሱ ቢታመም ወይም ለቅሶ ቢወርድ የሚሠራበት ቅጂ በታሸገ ፖስታ ካዝናዎ ውስጥ ይቀመጥ። ሰው ከሥራው ሲለቅ ቃሉ ይለወጥ። አንድ ሰው የሚያምን ቢሮ ይህን ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የሚታመን አንድ ሰው ከጠፋ ግን ችግሩ የፓስወርድ አይደለምና እኔ የማውቀው መፍትሔ የለኝም።

ለሰጡኝ ትዕግሥት፣ ለነፈጉኝም መልስ በእኩል እያመሰገንኩ፤ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማራገቢያዎ እንዳይቆም፣ ኮሚቴዎም ምልዓተ ጉባኤ እንዲሞላለት ከልብ እየተመኘሁ፤ ወረፋዎ ላይ ቆማ ጫማ የጨረሰች ትሑት አገልጋይዎ፣

ፍቅርተ ወልደሰንበት
መምህርት

ግልባጭ፦
ለፓስወርድ ኮሚቴው አባላት፣ ባሉበት
ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ

ጭማሪ፦ ይህን ፈርሜ ልለጥፍ ስል አንድ ወሬ ደረሰኝ፤ ከስብሰባ የሚወጣ ወሬ መቼም ፓስወርድ የለውም። ሐሙስ ዕለት ማሽኑ እንደ ልማዱ ቃሉን እየጠየቀ ሳለ፣ እርስዎ ቃለ ጉባኤ ሊፈርሙ ጎንበስ ብለው ክቡር ክርንዎን በኪቦርዱ ላይ፣ ከላይ በግራ ጥግ ባለችው ቁልፍ ላይ ቢያሳርፉት፣ ጥያቄው ከመስታወቱ ጠፋ፤ ማሽኑም ያለ አንዳች ቃል ተከፈተ ይላሉ። ለካ ይህ ሁሉ ዘብ የቆመው ላልተቆለፈ በር ነበር። አባላቱ ደንግጠው፣ መክፈት በአጀንዳ አልተያዘም ብለው ወዲያው አጠፉት፤ አደገኛዋ ቁልፍም በቢላ ተነቅላ ካዝና እንድትገባ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። ማሽኑ ክፍት በነበረበት በዚያች ጊዜ «የአኬሎን ወረቀት እናትመው» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ክቡር ሆይ፣ በትምህርት ቤታችን ካለው አሮጌ ኪቦርድ እንደተማርኩት፣ ቁልፉ ቢነቀልም ከሥሩ የምትቀረው ጉጥ በእስክሪብቶ ጫፍ ስትነካ በደንብ ትሠራለች። ሰኞ መኪናው ከመነሳቱ በፊት እኔና አኬሎ አንድ እስክሪብቶ ይዘን ቢሮዎ በር ላይ እንገኛለን። እርስዎ ማኅተሙን ብቻ ይዘው ይጠብቁን።